ዘጠነኛዋ ቺፕ

ሽፈራው የሚባል ሰው ሌባ ብሎኛል። ይህን ያለኝ በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። የአባቱን ስም የተውኩት ልጆቹ ምንም ስላላደረጉኝ ነው።

ነገሩ ከልቤ ያልወጣው ሌባ ስለተባልኩ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን የሳቅኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ ስቄ አላውቅም። ዝም ብዬ ኖሬ ነበር። ባለፈው ጥር ግን አንድ ሠርግ ላይ ሰውየው ያንኑ ታሪክ ገልብጦ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁት። ጨርሶ ሳያበላሸው እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ያን ጊዜ የአንድ እርዳታ ድርጅት የሰቆጣ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ቢሮውን የተከራየነው ከሐጂ ይማም ነው። ሐጂ በገበያው የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከፊት ነው፣ የኛ ክፍሎች ከኋላ፣ ግቢው የጋራ። ሽፈራው ደግሞ ከአዲስ አበባ የተላከልን የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። «ጓድ ሽፈራው» ካላሉት አይሰማም።

ስለ ጫማው መናገር አለብኝ። ሶሉ ወፍራም ለስላሳ የክሬፕ ጎማ የሆነ ቡናማ ጫማ ነበረው። ከአሥመራ ያስመጣሁት ነው ይል ነበር። ሌላው ሰው በረባሶውን እየጎተተ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። ሽፈራው ግን በዚያ ጫማ እንደ ድመት ነው የሚራመደው። እኛ ስናወራ ቆይተን ዘወር ስንል ከኋላችን ቆሞ እናገኘዋለን። ስንቱን ሰው በዚያ ጫማ ከሥራ እንዳስወጣ እኔ አውቃለሁ።

ኮምፒዩተሩ ሲመጣልን አሮጌ ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ሠርቶበት ሠርቶበት ሲሰለቸው ነው ወደኛ የላከው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከስንዴ ጆንያ ጋር፣ በወታደር በሚታጀበው የመኪና ኮንቮይ መጣ። የጽሕፈት መኪና የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ እኔ ተቀመጥኩበት። ይህ ሽፈራውን አላስደሰተውም። ወንበሩን ደሴ ላለች የሚስቱ እህት አስቦት ነበር። «ይህ የሰቆጣ ሴት ሥራ አይደለም፤ ለጊዜው ነው» ይል ነበር፣ እኔ እየሰማሁ።

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ቀርፋፋ ነበር። የደሃና ወረዳን የእህል ድርሻ ደምር ብዬ አዝዤው፣ ወጥቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና ያስባል። የጋዝጊብላን አዝዤው ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። የግቢያችን ዘበኛ በመስኮት ብቅ እያለ «ዛሬም አልተነፈሰም? ጾም ይዞ እንዳይሆን» ይለኝ ነበር። ሽፈራው ግን ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ነው ብሎ ለአለቆቹ ጻፈ። ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔው ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እመታለሁ። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

ዋናው መሥሪያ ቤት ለደብዳቤው መልስ በመስጠት ፈንታ ዳንኤልን ላከ። ዳንኤል የኮምፒዩተር ቴክኒሻን ነው። ሳቂታ፣ ጺሙን የማይላጭ፣ ከማንም ጋር በአንድ ቀን የሚግባባ ሰው። ማሽኑን አስነሥቶ ትንሽ አየውና ሳቀ።

«ትርንጎ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይህ ማሽን ሚሞሪው ትንሽ ነው። የሚሠራበት ቦታ ስለጠበበው ያነሣል ያስቀምጣል፣ ያነሣል ያስቀምጣል። ሚሞሪ እጨምርለታለሁ፤ ዋናውንም ቺፕ በፈጣን እቀይረዋለሁ።»

ሐጂ ይማም ምን ሊሠራ ነው ብለው ሲጠይቁኝ «አውድማው ጠቦ ነው፤ አውድማውን አስፍቶ በሬውንም ሊቀይር ነው» አልኳቸው። «እንዲህ በይኛ!» አሉና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ማለዳ ሥራ ጀመርን። ዳንኤል የሱፍ ሹራቤን አስወለቀኝ። አየሩ ደረቅ በመሆኑ ሹራብ ሲወልቅ እንደሚንጣጣው ያለ እሳት ቺፑን ይገድለዋል አለኝ። በየጊዜው የማሽኑን ብረት በጣታችን እየነካን ክዳኑን ፈታን። ውስጡ አቧራ ሞልቶ ነበር፤ የአገራችን አቧራ የማይገባበት የለም።

አዳዲሶቹ የሚሞሪ ቺፖች ዘጠኝ ናቸው። የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር፣ በግራና በቀኝ ቀጫጭን የብረት እግሮች ያሉት። እግረ ብዙ ተባይ ነው የሚመስለው። በመንገድ ብዛት እግሮቻቸው ተጣመው ነበር። ዳንኤል መቆንጠጫውን አዲስ አበባ ረስቶት ስለመጣ በጥፍሩ ሊያቃና ሲታገል አየሁና ከአንገቴ ወረንጦዬን አውጥቼ ሰጠሁት።

እኛ አገር እሾህ ብዙ ነው። ሴት ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አስራ ነው የምትውለው። የእኔዋ የእናቴ ናት። ዳንኤል ወደዳት። «ይህችን አዲስ አበባ ቢያዩ ከእጅሽ ይገዟት ነበር» አለና መልሶ ለኔው ሰጠኝ። እኔ እግራቸውን አቃናለሁ፣ እሱ ይመረምራል፣ ከዚያ እግራቸውን ወደ ላይ አድርገን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ የሲጋራ ብራማ ወረቀት ላይ እናስቀምጣለን።

ሽፈራው በዚያ ጫማው ሳናየው ገባ። «ገና ነው? እንግዶች ሊመጡ ነው እኮ!» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ ደበደበ። ሁለታችንም ደነገጥን። ወረቀቱ ተንሸራተተ። ዳንኤል ወረቀቱን ያዘው። ሽፈራው ዞር ዞር ብሎ የማሽኑን ሆድ ተመለከተ፣ «እዚህ ውስጥ የጠፋ ነገር ቢኖር ተጠያቂ አለ» አለና ወጣ።

ቺፖቹን መትከል ስንጀምር ስምንት ናቸው።

ዳንኤል ዋናውን ነገር የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ዘጠኙ አንድ ረድፍ ናቸው። አንዷ ከጎደለች ማሽኑ ስምንቱንም እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል። ወለሉን በእጃችን ዳበስን። ከጆንያዎቹ ሥር አየን። ዘበኛው የክፍሉን ጥራጊ በሙሉ አውጥቶ እንደ ዱቄት በወንፊት ነፋው። አንድ አዝራርና አንድ ቁንጥር ስንዴ ነው የተገኘው።

ሽፈራው ሲሰማ አልተቆጣም። የፈራሁት ይህን ነው። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ ደስ ሲለው ግን አላውቀውም ነበር።

የግቢውን ሰው በሙሉ ጠራ። ጫኝና አውራጁ፣ ሾፌሩ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ሁሉም ባለበት ጣቱን ወደ አንገቴ ቀሰረ።

«ዕቃዋ ይህን የምታህል ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ደግሞ እዩት። ሌባው መሣሪያውን አንጠልጥሎ ቆሞ ሌላ ሰው ይፈለጋል?»

ዳንኤል «ጓድ ሽፈራው፣ ከጠፋች የጠፋችው ከእኔ እጅ ነው» አለ።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ሐጂ ይማም ከሱቃቸው ወጥተው ነበር። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አሉ። «ይህን ነገር ሰቆጣ ገበያ ብታወጣው ማን ይገዛታል? በጣሳ ነው በቁና የምትሸጠው?»

«ለወንበዴ ሬዲዮ ይሆናል» አለ ሽፈራው።

ወንበዴ የሚባሉት ደርግን የሚወጉት ሸማቂዎች ነበሩ። ይህ ቃል በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ያልኖረበት ሰው አይገባውም። ሌባ የተባለ ይታሰራል፣ ይፈታል። ዕቃ ለወንበዴ አሾለከ የተባለ ግን የት እንደገባ ቤተሰቡ እየጠየቀ ይኖራል። 

ሽፈራው ወደ አብዮት ጥበቃ ሊልክ ሲል ሐጂ ይማም «ቆይ» አሉት። «ቤቱ የእኔ ነው። ከቤቴ ዕቃ ጠፋ ሲባል የእኔም ስም ይነሳል። አስቀድሞ እንደ ደንቡ አውጫጭኝ እንቀመጥ። ካልወጣ የፈለግኸውን አድርግ።»

አውጫጭኝ የጥንት ደንብ ነው። ዕቃ ሲጠፋ በአካባቢው የነበረ ሰው አንድ ሳይቀር ይቀመጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ያወጣል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሽፈራው «ይህ ፊውዳል ሥርዓት ነው» ብሎ ሳቀ። ግን እሺ አለ። እሺ ያለው ለእኔ አዝኖ አይደለም። ሰው ሁሉ ፊት ስዋረድ ሊያይ ነው።

ቀጠሮው ለሳልስቱ ሆነ። በመካከሉ ያለውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። ሽፈራው ግቢውን አቋርጦ ሲመጣ ከሩቅ መሰማት ጀምሮ ነበር። ድንጋዩ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዘበኛው «ጫማውን ብረት አስመታው መሰለኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ ይኸው ሲመጣ እንነቃለን» አለ። ምግብ አብሳይዋም ድምፁን ስትሰማ ወሬዋን ታቆማለች። በጭንቄ መካከል ያ ነገር ትንሽ አስቆኝ ነበር።

በቀጠሮው ማለዳ በሐጂ ግቢ ተቀመጥን። ዳኛው አያ ካሱ ነበሩ። አያ ካሱ የጋዝጊብላ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁትም። አማርኛ ይችላሉ፣ ግን የሚያስቡት በአካባቢያችን የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። ነገር ሲከብዳቸው ወይም ነገር ሲያስቃቸው ወደ ኽምጣኛ ይመለሳሉ። እኛ አብዛኞቻችን መሬት ላይ ተቀመጥን፤ አያ ካሱና አብረዋቸው የተጠሩት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሽፈራው ከቢሮ ወንበር አስወጥቶ ከፊታቸው ተቀመጠ።

ሰው በየተራ ተጠየቀ። ዘበኛው ጥራጊውን በወንፊት መንፋቱን ተናገረ። ዳንኤል ቺፖቹን እንዴት እንዳስቀመጥናቸው አስረዳ፣ ጓድ ሽፈራው ገብቶ ጠረጴዛውን መምታቱንም አልደበቀም። እኔ ተራዬ ሲደርስ «አልወሰድኩም። ካልወሰድኩ የት እንዳለች አላውቅም» አልኩ። 

«አንቱስ?» አሉት አያ ካሱ ሽፈራውን። «በቤቱ ከነበሩት አንዱ ነዎት።»

«እኔ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ አይጠየቅም።»

«በአውጫጭኝ የማይጠየቅ የለም።»

ሽፈራው ሳቅ አለና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ እግሩን በእግሩ ላይ ሰቀለ። በሽማግሌ ፊት እግር አይሰቀልም። ያውም የጫማውን ሶል ወደ አያ ካሱ ፊት አዙሮ። ሁላችንም አፈርን። ሐጂ ይማም አንገታቸውን ደፉ።

አያ ካሱ ግን አልተቆጡም። ዓይናቸው ሶሉ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብለው አዩት። ደግመው አዩት። ከዚያ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ኽምጣኛ የሚሰማው ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ወደ ጫማው ተመለከትን። መጀመሪያ አንድ ጫኝና አውራጅ ሳቀ። ከዚያ ማን ያቁመን።

«ምንድን ነው ያሉት?» አለ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሮ። በግቢው ካለው ሰው መርጦ እኔን ጠየቀኝ።

«እሾህ ወግቶዎታል ነው የሚሉት» አልኩት።

እግሩን ሊያወርድ ሲል አያ ካሱ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ ልጄ። አውርድ አልልህም፤ እንዲያውም ከፍ አድርገው።» አንቱታው ቀርቶ ነበር።

ዘጠነኛዋ ቺፕ የክሬፑ ሶል ላይ፣ ከፊት በኩል፣ እግሮቿን ሁሉ ሰክታ እንደ መዥገር ተጣብቃ ነበር። እግሯን ወደ ላይ አድርገን አስቀምጠናት አልነበር? ከጠረጴዛው ስትወድቅም እንደዚያው ወደቀች፣ ሽፈራውም ረግጧት ወጣ። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ አልተሰማውም። ቀጭ ቀጭ ስትል የሰነበተችው እሷ ናት።

ሽፈራው በጥፍሩ ሊነቅላት ሞከረ። አልወጣችም። ዳንኤል «ተው፣ ትሰብራታለህ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ የግቢው ሰው ሁሉ ወደ አንገቴ ዞረ።

ሐጂ ይማም «ትርንጎ፣ ያችን የሌባ መሣሪያ አምጪያት» አሉኝ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ከፊቱ ተንበረከክሁ። ጫማውን አላወልቅም አለ፤ ካልሲው የተቀደደ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም። ስለዚህ እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን እሾህ፣ ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ እያነቃነቅሁ አወጣኋት። ቶሎ ማውጣት እችል ነበር። አልቸኮልኩም።

አያ ካሱ ግን አውጫጭኙን አልዘጉም። «ዕቃዋ ሞታ ከሆነ ገና ነገር አለ፤ ገድሏታል ማለት ነው። እንያት» አሉ። አንድ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ዳንኤል ሐጂ ከሰጡት የተበላሸ ሬዲዮ ቀጭን ሽቦ መዝዞ በካውያ በየደላት። የሶሉን ቆሻሻ ዘበኛው በደበቃት አረቄ አጠብንላት። እነሆ ዘበኛው አረቄ እንደሚደብቅም በዚያው ወጣ፤ አውጫጭኝ እንዲህ ነው።

ዘጠኙንም ተከልን፤ ዳንኤል ዋናውንም ቺፕ ቀየረው። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ከነበትራቸው ቢሮው ውስጥ ቆሙ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ሚሞሪውን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሲጨምር ይታያል። ድሮ የሚቆምበትን ቁጥር ሁላችንም እናውቀው ነበር። እዚያ ደረሰ።  አለፈው። መቁጠሩን ቀጠለ፣ ቀጠለ።

«መሰከረ» አሉ አያ ካሱ።

የደሃናን የእህል ድርሻ ደምር አልኩት። ሐጂ ይማም ሻይ ሊያዙልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምሩ ወጣ። «ኧረ ሻይሽን ከለከለሽ!» አሉ።

ከዚያ ሽፈራው እኔን ይቅርታ እንዲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ተነሥቶ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «በሥራ ሂደት ስህተት ተፈጥሯል» አለ።

«ማን ፈጠረው?» አሉት ሐጂ ይማም።

«በወቅቱ ከነበረው ሁኔታ አንጻር...»

«ልጄ» አሉ አያ ካሱ፣ «ሁኔታው ጫማ የለውም።»

 ሽማግሌዎቹ «ታረቂ» ሲሉኝ «ይቅርታ ሲጠይቀኝ እታረቃለሁ» አልኩ። አልጠየቀኝም፣ አልታረቅሁም። የሚስቱ እህት አልመጣችም። እሱ ራሱ ከክረምት በፊት በኮንቮይ ወጣ። እኔ ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ማሽኑም አላሳፈረኝም።

አሁን ወደ ሠርጉ ልመለስ። አዲስ አበባ ነው፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ። ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። «ሰቆጣ ሳለሁ» ይላል፣ «አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረን። በገዛ እጄ ፈትቼ ሚሞሪ ጨምሬ አፈጠንኩት። አንዲት የአካባቢው ታይፒስት ዕቃውን ሰርቃ ነበር፤ አውጫጭኝ አስቀምጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» ወጣቶቹ ተደንቀው ያዳምጡታል። ፊቱን ሳላይ በድምፁ አወቅሁት።

ብዙ ሰው እድሜ ቂምን ያበርዳል ይላል። የእኔን አላበረደውም፤ እኔም እንዲበርድ አልፈለግሁም። ግን ደግሞ ያ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር እስቃለሁ፤ እየሳቁ ቂም መያዝ ሰው እንደሚያስበው አይከብድም።

ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ወረንጦዬን ከአንገቴ አውጥቼ ከሳህኑ አጠገብ አኖርኳት።

«ጓድ ሽፈራው» አልኩት፣ «እስቲ እግርዎን ያንሱልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወረንጦዋን አየ። ሁለቱንም እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ወጣቶቹ «ምንድን ነው ጋሼ?» ይሉታል። ለእነሱ እኔ ነገርኳቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አሁን እንደጻፍኩት።

ከዚያ ወረንጦዬን አንሥቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ምሳዬንም ጨረስኩ።